ቢጫ ጀሪካኖች፦ በጅማ የተካሄደ የሁለት ቀን የጌም ሥራ ውድድር የጉዳይ ጥናት

ጅማ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። አንዱ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ምሕንድስና ይማራል፤ ማታ ዶርም ውስጥ ኮድ ይጽፋል። አንዷ ቀን ፋርማሲ ትሠራለች፤ ማታ በስልኳ ሥዕል ትስላለች። አንዱ አጂፕ አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። አብዛኞቹ የሚተዋወቁት በቴሌግራም ነው። አንድ ሰፈር እየኖሩ በአካል ተያይተው የማያውቁም ነበሩ።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ነገር ነበር። የጀመሩት ጌም ሞልቷል፤ የጨረሱት የለም። ልጁ ገጸ ባሕሪውን ያስሮጣል፣ ያስዘልላል። ሁለተኛው ሌቭል ላይ ሳይደርስ አዲስ ሐሳብ ይመጣለታል። የድሮው ፎልደር ይረሳል። ኮዳቸውን ያየ ሰው ችሎታቸውን አይጠራጠርም። የጎደለው ቀን ቆርጦ "እስከዚህ ሰዓት አስረክብ" የሚል ሰው ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት አራት ሆነን አንድ ትንሽ ውድድር አዘጋጀን። ጊዜው ጥር ነበር፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው የሳምንት መጨረሻ። ምን እንደወሰንን፣ ለምን እንደወሰንን እና ምን እንደሆነ እዚህ ጽፌዋለሁ። ሌላ ከተማ ሆኖ ተመሳሳይ ነገር ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እንዲህ ዓይነት ውድድር የሚመዘነው ስንት ቡድን ጨርሶ አስረከበ በሚለው ነው። ማን አንደኛ ወጣ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከታች ያለው ውሳኔ ሁሉ በዚህ ሚዛን የተመዘነ ነው።

ከሌሎች የወሰድነው

በሌላው ዓለም ጌም ጃም ይሉታል። አጭር ጊዜ ይሰጣል፤ ጭብጡ ሲጀመር ይነገራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ሊጫወተው የሚችል ነገር ሠርቶ ማስረከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥቂት ባለሙያዎች አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ተሰብስበው ኢንዲ ጌም ጃም ያሉትን አካሄዱ። በዚያው ዓመት ሉዱም ዴር በኢንተርኔት ተጀመረ። ሉዱም ዴር ብቻውን ለሚሠራ ሰው 48 ሰዓት፣ ለቡድን ደግሞ 72 ሰዓት ይሰጣል። ብቻውን የሚወዳደረው ሥዕሉንም ድምፁንም ራሱ መሥራት፣ ኮዱንም ለሁሉም ክፍት ማድረግ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ግሎባል ጌም ጃም መጣ። በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በየከተማቸው ተሰብስበው በአንድ ጭብጥ ለ48 ሰዓት መሥራት ጀመሩ።

ከእነዚህ የወሰድነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው 48 ሰዓቱ ነው። ሁለተኛው ጭብጡ እስኪጀመር ድረስ ምስጢር መሆኑ ነው፤ ማንም ቤቱ ሠርቶ የጨረሰውን ይዞ እንዳይመጣ። የቀረውን በጅማ ልክ መስፋት ነበረብን።

በሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል

ጌም ጃም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እዚያው መብላት፣ እዚያው ማደር ነው። የእንቅልፍ ከረጢት ይዘው የሚመጡ ልጆች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እኛ ይህን ከመጀመሪያው ተውነው። ዶርም የሚያድር ተማሪ የግቢው በር ሳይዘጋ መግባት አለበት። ሴቶቹ ደግሞ ማደር ካለ ጭራሽ አይመጡም። ቢፈልጉም ቤተሰብ አይፈቅድም፤ መሽቶ ባጃጅ ፍለጋ መቆሙም ሌላ ጣጣ ነው።

ከአርብ አሥር ሰዓት ጀምረን እሑድ አሥር ሰዓት ላይ እንድንጨርስ ተስማማን። ሲቆጠር 48 ሰዓት ይሞላል። አዳራሹ ግን በየቀኑ ማታ አሥራ ሁለት ላይ ይዘጋል። ማታ ቤቱ መሥራት የፈለገ ይሥራ፤ የተኛም አይቀጣም። አርብ አሥር ሰዓት ያልነው የጁምዓ ሰላት ያለቀበት፣ ሠራተኛውም ከቢሮ ለመውጣት የተቃረበበት ስለሆነ ነው። እሑድ ጠዋት ምንም ፕሮግራም አላደረግንም፤ ቅዳሴ የሚሄደው ሄዶ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል።

ከተመዘገቡት የአንዷ እናት አርብ ጠዋት ደወሉ።

"ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትለቋት?"

"እናቴ፣ አሥራ ሁለት ላይ በሩን እንዘጋለን። ባጃጅ ውስጥ ሳትገባ እኛም አንሄድም።"

"እንግዲያው ትምጣ" አሉ።

ይህች ልጅ የመጣችበት ቡድን ምን እንደሠራ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምግቡም እንደ ሰዓቱ ነው። ጅማ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ትሪ ሲቀርቡ የሥጋ ነገር መነሳቱ አይቀርም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ያለበት በያይነት ግን ማንንም አያገልም፤ አርብን ለሚጾመውም ይሆናል። ሁለቱንም ቀን በያይነት በላን። ቡናው እንደሆነ አገሩ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አልተቋረጠም።

ስልኩን አንቀበልም

አንድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነገሩን ሰምተው ለአንደኛ የሚሆን ስልክ እንስጥ አሉ። አዲስ፣ ጥሩ ስልክ ነው። ከአዘጋጆቹ ሁለቱ ይሁን አሉ፤ ሁለታችን አይሁን አልን። ብዙ ተከራከርን።

የኔ ክርክር ይህ ነበር። ሽልማቱ ከባድ ሲሆን ልጆቹ መጠባበቅ ይጀምራሉ። ጎበዙ ከጎበዝ ጋር ይጣመራል፤ ጀማሪ የሚያስጠጋው ያጣል። ባግ (የኮድ ስህተት) የገጠመው ልጅ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ጎረቤቱ ያመነታል። "ይሄን ኮድ ቀድሞ ሠርቶት ነው የመጣው" የሚል ክስ ይነሳና ዳኛ ያስፈልጋል። ከሁሉም የባሰው ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ወደ ኋላ የቀረ ቡድን፣ ስልኩ እንደማይደርሰው ያወቀ ቡድን፣ ለምን ይቀመጣል? ላፕቶፑን ጠቅልሎ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ውድድሩን ያዘጋጀነው ለዚያ ቡድን ነበር።

በመጨረሻ ተስማማንና ሱቃቸው ሄድን።

"ጋሼ፣ ስልኩ ይቅር። ሌላ ነገር ግን እንለምንዎት" አልናቸው።

"ስልክ እምቢ የሚል ወጣት ገና ዛሬ አየሁ" ብለው ሳቁ። ከዚያ አራት ዲቫይደርና ለእሑድ የሚሆን አንድ ትልቅ ስክሪን አዋሱን። ከስልኩ ይልቅ ይኸው ጠቀመን። የተሰጠን ክፍል ሶኬቱ ሁለት ብቻ ነበር።

ሁሉም ነገር በፍላሽ

በአንድ ጊዜ ሃያ ሰው በሞባይል ዳታ ጌም ኢንጂን (ጌም የሚሠራበትን ፕሮግራም) ያውርድ ማለት አርብን ሙሉ መብላት ነው። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ጀምረን በፍላሽ አደልን። የመረጥነው ጎዶትን ነው። ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱ በኤምአይቲ ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። መነሻው አርጀንቲና ነው። ለኛ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠው መጠኑ ነው። ትልልቆቹ ኢንጂኖች በጊጋባይት ሲቆጠሩ እሱ መቶ ሜጋባይት አካባቢ ነው። መጫንም አይፈልግም፤ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ይነሳል። አዲሱ አራተኛው ትውልድ ያስቸገራቸው አሮጌ ላፕቶፖች ስለነበሩ ሦስተኛውንም አብረን ያዝን። የቆየ ግራፊክስ ካርድ ላይ ይሠራል።

ከኢንጂኑ ጋር አብረን የሰጠናቸው ነገሮች አሉ፦ የኢንጂኑ መመሪያ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ሆኖ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምባቸው የተፈቀዱ ሥዕሎችና ድምፆች፣ እና ሁለት የግዕዝ ፎንቶች። ፎንቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በአማርኛ ጌም የሚሠራ ሁሉ ይገጥመዋል። ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት ግዕዝን አያውቅም። አዲሱ ትውልድ ላይ ችግሩ ይደበቃል፤ ኢንጂኑ የዊንዶውስን ፎንት ተበድሮ ፊደሉን ያሳያል። ሠሪው ሁሉም ነገር ደህና ነው ብሎ ያምናል። ጌሙን በብሮውዘር እንዲከፈት አድርጎ ሲያወጣው ግን የሚበደርበት የለም። ፊደሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስገባትና ጽሑፉን በእሱ ማዘዝ። ይህን አስቀድመን በአንድ ገጽ ጽፈን ስለሰጠን እሑድ ላይ ሳጥን ያሳየ ጌም አልነበረም።

ፍላሽ ግን የራሱ ጠላት አለው፤ ያ የታወቀው ሾርትከት ቫይረስ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቡድን የአርብ ሥራውን በሙሉ አጣሁ ብሎ ደነገጠ። ፎልደሩ የለም፤ በቦታው የሾርትከት ምልክት ብቻ ነው ያለው። ሞባይል ጠጋኙ ልጅ ከሌላ ቡድን ተነስቶ መጣ። ቫይረሱ ፋይሉን አያጠፋም፣ ይደብቀዋል እንጂ። በዊንዶውስ ትእዛዝ መስጫ የድብቅነቱን ምልክት አነሳለት፤ ፎልደሩ ብቅ አለ። ስልኩ አንደኛ ለሚወጣው ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ከወንበሩ ይነሳ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ምናልባት ይነሳ ነበር፤ ልጁ ደግ ነው። ግን ምርጫውን ማክበድ ለምን ያስፈልጋል?

ጭብጡ ፎቶ ነበር

ጅማ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይነገራል። የኮዱ ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ጭብጡን በአንዱ ቋንቋ ብንናገር ለአንዱ ቅርብ፣ ለሌላው ሩቅ ይሆናል። እዚህ ላይ ግሎባል ጌም ጃም ሐሳብ ሰጠን። እ.ኤ.አ. በ2012 ጭብጡ ጭራውን የሚነክስ እባብ ሥዕል ነበር። በ2013 ደግሞ የልብ ምት ድምፅ ብቻ አሰሙ፤ አንድም ቃል የለም። ሰርጀን ሲሙሌተር የሚባለው የቀዶ ጥገና ጌም፣ በኋላ ለገበያ የቀረበው፣ ከዚያ ድምፅ ተነስቶ በ48 ሰዓት የተሠራ ነው።

እኛ ፎቶ መረጥን። የቦኖ ውኃ አጠገብ የተሰለፉ ቢጫ ጀሪካኖች። ሰው የለም። ጀሪካኖቹ ብቻ ወረፋ ይዘዋል። አርብ አሥር ሰዓት ላይ ስክሪኑን ስንከፍት ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ያን ወረፋ ያልጠበቀ ማን አለ?

ሰባት ቡድን ነበር፤ በየቡድኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰው። ጓደኛሞች ሁለት ሆነው መግባት ይችላሉ፤ ሦስተኛው በዕጣ ይመጣል። ይህም ታስቦበት ነው። በዕጣ የመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪው ነበር፤ እና ጀማሪ አጠገብህ ሲቀመጥ የምታስበውን በቃል ለማስረዳት ትገደዳለህ። ስታስረዳ ሐሳቡ ትልቅ መሆኑ ይታወቅሃል።

ከሰባቱ ስድስቱ ወዲያው ወደ ወረፋ ሄዱ። ባጃጅ ወረፋ፣ ዳቦ ወረፋ፣ ወፍጮ ቤት። አንዱ ቡድን ግን ጀሪካኑን ትቶ ቢጫውን ወሰደ። ቢጫ የሆነ ነገር ሁሉ የሚገፋ፣ ሌላው የማይገፋበት የእንቆቅልሽ ጌም ሠሩ። ፎቶ የመስጠት ጥቅሙ ይህ ነው።

ቅዳሜ

ቅዳሜ የሚወስነው ቀን ነው፤ ለዚህ ነው ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

አንድ ሕግ አውጥተን ነበር። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከምሳ በፊት እያንዳንዱ ቡድን ላፕቶፑን ለጎረቤት ቡድን ይሰጣል። ጎረቤቱ ያለ ማብራሪያ ይጫወታል። ሠሪው አፉን ይዘጋል። ሥዕሉ ካሬ ቢሆንም ግድ የለም፤ የሚጫወት ነገር መኖር አለበት። ካልኖረ ሐሳቡ ይቀነሳል።

አንድ ቡድን ምንም አልነበረውም። የተነሱት ትልቅ ሐሳብ ይዘው ነው። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሦስት አውታር (3D) ሊሠሩት፣ ተጫዋቹ እንግዳ ሆኖ ወረፋ ጠብቆ ገብቶ ክፍል በክፍል እንዲዞር ፈለጉ። የእንጨቱን ሥራ፣ በረንዳውን፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ቀርጸው ነበር። እውነት ለመናገር ክፍሉ ውስጥ ከነበረው ሁሉ የሚያምረው የነሱ ነው። ግን ጌም አልነበረም፤ ካሜራ ብቻ ይዞራል።

ልጆቹ ተከፉ። ከአዘጋጆቹ አንዱ አጠገባቸው ተቀመጠ። "ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብታስቀሩ ምን ታስቀራላችሁ?" አላቸው። ትንሽ ዝም አሉና በዕጣ የመጣው ልጅ "በሩን" አለ። በሩን አስቀሩ። ተጫዋቹ በረኛ ሆነ። ባለ ጉዳይ፣ ነጋዴ፣ መንገደኛ ይሰለፋል፤ አንዱ ቸኩሏል፣ አንዱ ዋሽቷል፣ አንዱ ደክሞታል። ማንን ታስቀድማለህ? ቤተ መንግሥቱ ከጀርባ ሥዕል ሆኖ ቀረ። ይህን ለውጥ በሦስት ሰዓት ውስጥ ነው የሠሩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጀምረው የማይጨርሱትን ጌም ሲጨርሱ አየኋቸው። ለኔ የውድድሩ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

ይህንንም አስበንበት ነበር። ሕጉ ላይ የጻፍነው ይህ ነው፦ መብራት ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠፋ የማስረከቢያው ሰዓት ለሁሉም አንድ ሰዓት ይገፋል፤ ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአንድ ቡድን ብቻ የሚገፋ ነገር የለም። ሰዓቱ በልመና የሚገፋ መሆኑን ሰው ካወቀ ያ ሰዓት የለም ማለት ነው፤ ሁሉም ሁለተኛውን መግፋት ይጠብቃል። በጽሑፍ ቀድሞ የተቀመጠ ከሆነ ግን ማንም አይከራከርም።

ባትሪያቸው የሚይዝ ላፕቶፖች ቀጠሉ። ባትሪያቸው የሞተ ደግሞ ወረቀት ያዙ። የቀሩትን ሌቭሎች በእርሳስ ሣሉ፤ የመጫወቻ ሕጉን በቡና ፍሬና በቆርኪ ሞከሩት። አንድ ቡድን በስልክ ድምፅ ለመቅዳት ወጣ፤ ባዶ ጀሪካን ሲመታ፣ ውኃ ሲሞላ፣ ሰው "ወረፋ! ወረፋ!" ሲል። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መጣ። ማስረከቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

እሑድ

እናቷ የደወሉላት ልጅ ከፋርማሲዋ ሠራተኛና ከአንድ የምሕንድስና ተማሪ ጋር ነበረች። ጌማቸው ለፎቶው በጣም ቅርቡ ነው። ቦኖው ውኃ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ባለ 20 ሊትርና ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ባለቤቶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ተራው ሲደርስ ባለቤቱ ከሌለ ጀሪካኑ ይዘለላል፤ ተመልሶ ሲመጣ ጠብ ያነሳል። ተጫዋቹ ውኃው ሳይሄድ ጀሪካኖቹን ያቀያይራል፣ ግን ሰው እንዳያዝን። ቅዳሜ የተቀዳው ድምፅ ገባበት። ሌሎች ቡድኖችም ያን ድምፅ ጠይቀው ወሰዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋይሎቹን በፍላሽ ሰበሰብን። ስድስቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወቱ ናቸው። ሰባተኛው፣ የወፍጮ ቤቱ፣ ሁለተኛው ሌቭል ላይ ይዘጋል። እሱንም ከሌሎቹ እኩል ለእይታ አቀረብነው፤ የመጀመሪያው ሌቭል ብቻውን ያስቃል።

በሩን ከፍተን የሰፈሩን ልጆች አስገባን። ዳኛ አልነበረም። በየላፕቶፑ አጠገብ ሁለት ስኒ አስቀመጥን፤ አንዱ "ደግሜ ልጫወተው"፣ ሌላው "አሳቀኝ"። ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት የቡና ፍሬ ተሰጠው። የወደደው ስኒ ውስጥ ይጥላል፤ የራሱ ቡድን ስኒ ውስጥ ግን አይጥልም። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሕፃንም ይገባዋል። "ደግሜ ልጫወተው" ላይ ብዙ ፍሬ የነበረው ጀሪካኑ ነው። "አሳቀኝ" ላይ የአባ ጅፋር በረኛ። ፍሬዎቹ ተቆጠሩ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ማንም ውጤቱን አልተከራከረም፣ ምክንያቱም የሚከራከሩበት ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ

የበረኛው ቡድን ጌሙን በአፋን ኦሮሞም እያዘጋጀው ነው። ሰባቱም ጌሞች አንድ ፎልደር ውስጥ ገብተው በቴሌግራም ተለቀዋል። ሞባይል ጠጋኙ ስልክ እስኪጠገን ለሚጠብቁ ደንበኞች ሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶላቸዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ የምንለውጣቸው አሉ። የሰፈሩ ልጆች ቅዳሜም ይመጣሉ። ወፍጮ ቤቱን የዘጋውን ስህተት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ገና እንደተቀመጠ ነው ያገኘው፤ ቅዳሜ መጥቶ ቢሆን ቡድኑ ለማስተካከል ጊዜ ነበረው። ፍላሽ ክፍሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁሉም በአንድ ንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ ይፈተሻል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ ለብቻው የአንድ ቀን ውድድር በስክራች፣ ኮድ ሳይጻፍ ብሎክ በማገጣጠም ጌም በሚሠራበት ፕሮግራም፣ እናዘጋጃለን። ስክራች በአማርኛ ይከፈታል፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። ቀኑን ከፈተና ሰሌዳ ጋር እያስተያየን ነው። ሐምሌና ነሐሴን ግን ከወዲሁ አውጥተናቸዋል፤ በጅማ ዝናብ ላፕቶፕ ተሸክሞ የሚመጣ ልጅ መጠበቅ አይቻልም።